ሳይክሉን የሚጭነው ማን ነው?

ጡረታ ወጣህ ይሉኛል። እኔ አልወጣሁም፤ አወጡኝ እንጂ። የገዳሪፍ የዓይን ሐኪም አንዱን ዓይኔን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከዚያም «ከእንግዲህ ብየዳ ብታይ ጥፋቱ የራስህ ነው» አለኝ። ልጄ ብርቱካን በዚያው ቀን የብየዳ መነጽሬን ወስዳ ደበቀችው። የት እንዳደረገችው እስካሁን አልነገረችኝም። ይሁን። ዓይኔ ደከመ እንጂ አፌ አልደከመም፣ እጄም አልደከመም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

የምጽፈው ስለ ሳይክል መጫኛ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። እኔ በር ሠርቻለሁ፣ የውሃ ታንከር ሠርቻለሁ፣ የሰሊጥ መጋዘን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥዬ በይጃለሁ። አፌን ሞልቼ «ይህን አውቀዋለሁ» የምለው ግን መኪና ላይ የሚገጠም መጫኛን ነው። ዘንድሮ «አሁን እኮ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ይመጣል፣ ያንተ ሙያ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። መልሴ ይኸው።

አገሬ ቋራ ነው። ድንበሩን የተሻገርኩት እንደ ሰፈሬ ጎረምሳ ሁሉ ሰሊጥ ላጭድ ነበር። አንድ ዓመት አጭጄ ተመለስኩ፤ በሁለተኛው ዓመት ካላዛር ያዘኝ። ያን ጊዜ ስሙንም አናውቀው፤ ወባ ነው ብለን ክኒን ቃምን። ሆዴ ተነፍቶ፣ እግሬ ሰልሎ ከእርሻው ዳስ ውስጥ ተኛሁ። ወደ ከተማ የሚወስደኝ መኪና ሲጠበቅ ሲጠበቅ፣ አጠገቤ የተኛው የደምቢያ ልጅ ሞተ። መኪናው የመጣው እሱን ከቀበርነው በኋላ ነው። እኔ ተረፍኩ። የእሱ ነገር ግን እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል፤ በሽታው መድኃኒት ነበረው፣ እኛ ጋ የሚደርስ ሰው ግን አልነበረም።

ከሆስፒታል ስወጣ ማጭድ የማነሳበት ጉልበት አልነበረኝም። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መንገድ የብየዳ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ሱዳኖች «ወርሻ» ይሉታል። ጥላ ፍለጋ አንዱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ኡስታ ኢድሪስ የሚባል የከሰላ ሰው ነበር። ኡስታ ማለት በእነሱ አፍ ባለሙያ፣ የእጅ ጌታ ማለት ነው። ሰውዬው ሂድም ግባም ሳይለኝ ብዙ ሰነበተ። አንድ ቀን «አንተ ሐበሻ፣ ይህን ቱቦ ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ይዤ ቀረሁ።

ስለ ደመወዝ አልናገርም፤ አንዳንዴ ነበረ፣ አንዳንዴ አልነበረም። ስለ መኖሪያ ወረቀትም አልናገርም፤ እሱን ለማደስ የተሰለፍኩትን ሰልፍ ያልተሰለፈ አበሻ ገዳሪፍ ውስጥ የለም። ስለ ሰውዬው ሥራ ግን ልናገር።

ኡስታ ኢድሪስ መኪናን ቀድሞ አይለካም። ባለመኪናው ሜትሩን ይዞ ሲንቆራጠጥ፣ እሱ ከጆሮው ላይ ጠመኔውን ያወርድና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። «የሚያነሳው ማን ነው?»

«መኪናው የእኔ ነው» ይላል ሰውዬው።

«መኪናውማ ያንተ ነው። ዕቃውን የሚያነሳው ማን ነው?»

የሚያነሳው ሰው ካልመጣ ሥራ አይጀመርም። ገበሬም ይሁን የቢሮ ዘበኛ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ መጥቶ ዕቃውን በእጁ ያነሳል። ኡስታ ከግድግዳው ጎን ይቆምና «እንዳሻህ አንሳ፣ ጀግና አትሁን» ይለዋል። እጁ ሳይጨነቅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። መጫኛው የሚሠራው በዚያ መስመር ልክ ነው፤ መኪናው ከመስመሩ ጋር እንዲስማማ የሚደረገው በኋላ ነው። የወርሻው ግድግዳ በሰው ቁመት በጠመኔ ተዥጎርጉሮ ነበር።

ሁለተኛው ልማዱ ይህ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሞተር ያስነሳና መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ይቆማል። በጋ ሲሆን የእኛ ጥቁር መሬት ይሰነጠቃል፤ መኪና በዚያ ላይ ሲሄድ አጥንት ያላላል። ኡስታ ብየዳን የሚገድለው መንቀጥቀጡ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም ይል ነበር። የሚነዝር ቦታ ካገኘ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን «ፍታው» ይለኛል። ስንቱን ያማረ ሥራ አስፈታኝ! በሆዴ እሰድበው ነበር። አሁን እኔም ያንኑ ነው የማደርገው፤ የሚሰድቡኝም አሉ።

ሦስተኛው፣ ሻሲ ላይ አይበይድም። የመኪና አከርካሪ ነው፣ እሳት አይነካውም ይላል። በቡሎን አስሮ፣ ዳዶውን አጥብቆ፣ የቡሎኑን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ሌባም አይፈታውም፣ መንገድም አያላላውም።

እንዲህ ያለ ሰው አይወድቅም እንዳትሉ። ወድቋል።

በሾዋክ በኩል ባሉ የስደተኛ ካምፖች የሚያስተምሩ መምህራን ሳይክል ተሰጥቷቸው፣ ቢሮአቸው ለመኪናው ጣሪያ መጫኛ አዘዘ። የመምህራኑ አለቃ ቁመቱ ሰማይ የሚነካ ሰው ነበር፤ ሳይክሉን እንደ ዱላ አንስቶ ጣሪያው ላይ አስቀመጠው። ጠመኔውም እዚያ ላይ ተሰመረ። ወፍራም ቱቦላሬ ቆርጠን ፖርቶመጋላ ሠራን፤ ኡስታ ራሱ በየደው። እንደዚያ ያለ ብየዳ ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

በኸሪፍ፣ ማለት በክረምቱ ዝናብ፣ መኪናው ሳይክሎቹን በሙሉ አናቱ ላይ ተሸክሞ አንድ ኾር ሊሻገር ወረደ። ኾር በጋ ላይ አሸዋ ነው፣ በዝናብ ጊዜ ወንዝ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፣ ነፋስ ከጎን መጣ፣ መኪናው ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። ሹፌሩ አብደልባጊ ክንዱ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ መሪ ይዞ አያውቅም።

መኪናውን ጎትተው ወርሻ ሲያመጡት ኡስታ ኢድሪስ መጫኛውን በጣቱ እየዳበሰ ዞረው። አንድ ብየዳ አልተከፈተም። አንድ ሳይክል አልወደቀም። እኔ እንደ ሞኝ «ኡስታ፣ ሥራችን እኮ ይዟል!» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ።

«ባይይዝ ይሻል ነበር» አለኝ። «ቢበጠስ ሳይክሎቹ ይወድቃሉ፣ መኪናው ይቆማል። እኛ መኪናውን የሚጥለውን ሸክም አናቱ ላይ አጥብቀን አሰርነው።»

ቃሉ እንደ መጥረቢያ ወረደብኝ። እሱ ግን ጊዜ አላጠፋም፤ መጫኛውን በገዛ እጁ ቆራረጠው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ እያየው። በማግስቱ አብደልባጊ ቤት ሄደ። ክንዱ ሲጠገን አብደልባጊን ወርሻው በር ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላ ከግቢው የሚወጣ መጫኛ ሁሉ «አብደልባጊ፣ ይህን ይዘህ ኾር ትሻገራለህ?» ተብሎ ይጠየቅበታል። አልሻገርም ካለ አይወጣም። ጣሪያ ላይ ሳይክል መጫንም በዚያው ቀረ።

ኡስታ ኢድሪስ ዛሬ የለም። ወርሻውን የያዘው ልጁ ሙስጠፋ ነው፤ እሱም ጢሙ ሸብቷል። እኔ የብየዳ መነጽሬ ከተደበቀ በኋላም በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ብርቱካን «አባ፣ እቤት አረፍ በል እንጂ» ትለኛለች። ማረፍ የሚባለውን ነገር ሞክሬዋለሁ፤ አልተስማማኝም።

ብርቱካን የጤና ሠራተኛ ናት። ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የመጣችው ለተብርሃንና ሌሎችም ሴቶች ከእሷ ጋር ይሠራሉ። ሥራቸው በአጨዳ ጊዜ በየእርሻው ዳስ እየዞሩ ትኩሳት የያዘውን፣ ሆዱ የተነፋውን ሠራተኛ ፈልጎ ማግኘት ነው። እኔ የተኛሁበት ዓይነት ዳስ ውስጥ ማለት ነው። ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ነዳጅ ጠፋ። አንድ መኪና በየዳሱ መዞር አልቻለም። ስለዚህ የሚሠሩበት ቢሮ ለሴቶቹ ሳይክል ሰጠ፤ መኪናው ከነሳይክላቸው ወስዶ እርሻዎቹ መሃል ያወርዳቸዋል፣ እነሱ በየዳሱ ተበትነው ይውላሉ፣ ማታ ሰብስቦ ይመልሳቸዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። የጎደለው መጫኛው ነበር። አጨዳው ሳይጀመር መጫኛ ካልተገኘ ሳይክሎቹ ለሌላ ከተማ ይሰጣሉ፣ የዘንድሮው ፍለጋም ይቀራል ተባለ። ብርቱካን ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«መጫኛ ጠፍቶ?» አልኳት። «ገዳሪፍ ላይ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ሙዲሩ ከውጭ አዟል አባ። ፖርት ሱዳን ላይ ቆሟል።»

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። ብርቱካን ሙዲር ያለችው የመኪናዎቹ ኃላፊ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ ኢንጂነር ነው፤ ሁሉም «ባሽሙሃንዲስ» ነው የሚሉት። ሰው አክባሪ ነው፣ አልዋሽም። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ከስልኩ ላይ ያዘዘውን መጫኛ አሳየኝ። የኋላ በር ላይ፣ ስኮርታ ጎማው ላይ የሚታሰር ነው።

«ዓም ተሰማ፣ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት ይህንኑ ነው» አለኝ። ዓም ማለት አጎቴ ማለት ነው።

«የዓለም በሙሉ መንገድ አስፋልት ነዋ! የእኛ መሬት እኮ የተሰነጠቀ ነው። ጎማውን የያዘው በር፣ በሩን የያዙት ማጠፊያዎች ናቸው። ሳይክሎቹን ጨምርበትና አጨዳው ሳያልቅ በሩን መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ደግሞስ በሽተኛ ሲያገኙ በየት ያስገቡታል? ያ በር ተይዟል።»

«ጣሪያ ላይስ?»

የአብደልባጊን ነገር ነገርኩት። «ከኋላ፣ ሻሲውን ይዞ ይሠራ» አልኩት። ከዚያ ወረቀት ስቦ ከኋላ በኩል ሻሲው ላይ የሚታሰር ክንድ ሳለ። «እንዲህ ማለትህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ይህ ደግሞ ኾር ስትወርድ መሬት ያርሳል» አለኝ። እውነቱን ነበር። «የኋላ መብራቱንና ታርጋውንም ይሸፍናል።» ይህም እውነት ነው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል፤ ሲከራከር የሚሠራ ነገር ይሰጥሃል። ተከራክረን ተከራክረን፣ ክንዱ ኾር ሲደርስ ወደ ላይ እንዲታጠፍ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ወደ ጎን እንዲዞር፣ ሌላ መብራት ከጫፉ እንዲገጠም ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

«ሴቶቹን ጥራልኝ» አልኩት።

ግድግዳው አጠገብ ቆመው አንድ በአንድ ሳይክል አነሱ። ከሁሉ አጭሯ ለተብርሃን ናት። «ጀግና አትሁኚ፣ እንደ ድካምሽ አንሺ፤ ማታ ከእርሻ ስትመለሺ እንደምታነሺው» አልኳት። እየሳቀች ከወገቧ ትንሽ ከፍ አድርጋ ቆመች። «እዚኣ ትኣክለኒ» አለችኝ፤ ይህ ይበቃኛል ማለቷ ነው። ጠመኔው እዚያ ላይ ተሰመረ። ብርቱካን ቁመቷ ዘለግ ያለ ነው፤ «ለእኔስ ዝቅ አለብኝ» ብላ አጉረመረመች። «አንቺ ጎንበስ በይ፣ እሷ ግን ልታድግ አትችልም» አልኳት።

ሙስጠፋ ቆረጠ፣ ሙስጠፋ በየደ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ በድምፁ እከተለዋለሁ፤ ጥሩ ብየዳ ሲጠበስ ድምፁ አይቆራረጥም። ሲቀዘቅዝ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ሁለት ቦታ አስፈታሁት። «አባቴ ተነሣ እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ሳይክሎቹ የሚቀመጡበትን ብረት በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ጠቀለልነው። ክንዱ ጫፍ ላይ ሆን ብለን ቀጭን ብረት አስገባን፤ መኪናው ሊወድቅ ሲል ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው። ሻሲው ላይ ቡሎኑን አስረን ጫፉን ቀጠቀጥነው። ሞተር አስነስቼ መዳፌን አሳረፍኩ። ከዚያ ተንጠለጠልኩበት፤ ሆዴ ትንሽ አይደለም፣ ሰፈሩ ሳቀ፣ መጫኛው ግን ንቅንቅ አላለም።

ሴቶቹ በነጋታው ሊወጡ ሲሰናዱ ባሽሙሃንዲስ መኪናውን ይዞ ወርሻው ደጃፍ ቆመ።

«ከበላይ ደወሉ» አለኝ። «ፋብሪካ ያልሠራው ነገር መኪናው ላይ አይታሰርም ተባለ። ዛሬውኑ ይነሣ፣ ካልተነሣ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ዓም ተሰማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

«የፋብሪካው መቼ ይመጣል?»

«አላውቅም።»

«አጨዳውስ ይጠብቃል?»

 አብራው የመጣችው ብርቱካን ከመኪናው ወርዳ መሃላችን ቆመች። በአማርኛ ጀመረችና በዐረብኛ ጨረሰችው፤ እዚህ ያደጉ ልጆች ሲናደዱ እንዲህ ናቸው። «አባ፣ እኛ ሰዎቹን መች ልናገኛቸው ነው? ባሽሙሃንዲስ፣ ዴል በሙቱ፤ እነዚህ እኮ ይሞታሉ!»

እኔም ተናደድኩ፣ ግን ድምፄን አላነሳሁም። «ቡሎኑ ተደፍኗል፤ አይፈታም» አልኩት። «ካልተቆረጠ አይነሣም። እኔ አልቆርጠውም። ሙስጠፋም አይቆርጠውም። ሰፈሩ ሰፊ ነው፣ የሚቆርጥልህ ፈልግ።»

እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር ደንብ መናገር አለብኝ፤ ተጽፎ የትም አታገኙትም። በወርሻ መንገድ ላይ የሰው ሥራ፣ የሠራው ሰው በሕይወት እያለ ያለ ፈቃዱ አይቆረጥም። ባለቤቱ ቢያዝም አይቆረጥም። መጀመሪያ ሰው ተልኮ «ይህን ሥራህን ልንነካው ነው፣ ምን ትላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ኡስታ ኢድሪስ የገዛ ሥራውን ሲቆርጥ ሰፈሩ ቆሞ ያየው ለዚህ ነው፤ መቁረጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ባሽሙሃንዲስ የካርቱም ሰው ስለሆነ ይህን አያውቅም።

መኪናውን አስነስቶ ቀጥሎ ያለው ወርሻ ገባ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ባለወርሻው መጫኛውን አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ «መዓሊሽ፣ ጋዝ የለኝም» አለው፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ወርሻ መቁረጫዬ ተሰብሯል አለ። ሦስተኛው መብራት ጠፍቷል አለ፤ ከጀርባው ማራገቢያው እየዞረ። አንዱ የትግራይ ልጅ አለ፣ ቅርብ ጊዜ የከፈተ፣ ደንቡን ያውቅ ይሆን ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። እሱም እጁን አወናጨፈ፤ በኋላ ስጠይቀው «ወገቤን አሞኛል አልኩት» አለኝ። ባሽሙሃንዲስ መንገዱን እስከ ጥጉ ሄዶ፣ በሌላው ወገን እየጠየቀ ተመለሰ።

ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ላቡን ጠረገ።

«ዓም ተሰማ፣ ዛሬ ገዳሪፍ በሙሉ ጋዝ አልቆበታል» አለኝ።

«ጊዜው ክፉ ነው» አልኩት።

ከንፈሩ ዳር ላይ ሳቅ አየሁ። ስልኩን አወጣና እኔው ፊት ደወለ። ደህና ሰው ስለሆነ አልዋሸም፤ «መጫኛውን አይቼዋለሁ፣ ፈትኜዋለሁ፣ በእኔ ኃላፊነት ይውጣ። ይነሣ ካላችሁም የሚቆርጠው ሰው በዚህ ከተማ አልተገኘም፤ ቆራጭ ላኩልኝ» አላቸው። ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ጮኹበት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የእኔን ሻይ አንሥቶ ጠጣ።

ሴቶቹ በነጋታው ወጡ። ያን ቀን ምግብ አልበላልኝም፤ በየደቂቃው መንገድ መንገዱን አያለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናው በወርሻ መንገድ በኩል ወደ ሆስፒታሉ መጣ፤ ሳይክሎቹ አቧራ ለብሰው ከኋላው ተደርድረዋል። እየሮጥኩ፣ ማለት በእኔ ሩጫ፣ ደረስኩ። ለተብርሃን የመጫኛውን ክንድ በአንድ እጇ ወደ ጎን ገፋችው፣ የኋላው በር ተከፈተ፣ አንድ ልጅ አወጡ። የአርማጭሆ ልጅ ነው። ሆዱ ተነፍቶ፣ እጁ ቆዳና አጥንት ሆኗል። መኪና በማይደርስበት ዳስ ውስጥ ብርቱካን በሳይክል ሄዳ ያገኘችው ነው። እኔን ሽማግሌውን እያየ «አባባ፣ ደረስኩ እንዴ?» አለኝ።

«ደርሰሃል ልጄ» አልኩት። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ልጁ ድኖ ወጣ። ከእሱም በኋላ ሌሎች መጡ፤ አጨዳው እስኪያልቅ አንድም ቀን ሳይክሎቹ ግቢ አልዋሉም። የካርቶኑ መጫኛ ከፖርት ሱዳን የደረሰው ሰሊጡ ሁሉ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው። ባሽሙሃንዲስ ከፍቶ አየውና ግቢው ውስጥ ግንብ ላይ አሰረው፤ ሴቶቹ ዩኒፎርማቸውን ያሰጡበታል። ለልብስ ማስጫ ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። የበላዮቹ ቆራጭ እንልካለን እንዳሉ ናቸው። መጫኛው መኪናው ላይ ነው፤ መኪናውም ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። የሚቆርጥ ካለ ይምጣ፤ መጀመሪያ ግን ሴቶቹን ያናግር።